ሁለተኛው ልጅ ለምን ይከብዳል?

እህቴ፣ «የመጀመሪያው ልጄ 2.9 ኪሎ ነበር፣ ሁለተኛዋ 3.2 ሆነች፤ ያኔ በደንብ ስላልበላሁ ይሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አትጨነቂ። የበኩር ልጅ ከታናናሾቹ በአማካይ ከ100 እስከ 200 ግራም ይቀላል። ዝቅተኛ ክብደት የሚባለው ደግሞ ከ2.5 ኪሎ በታች ሲሆን ነው።

አንዱ ምክንያት የማህፀን የደም ሥሮች ናቸው። በመጀመሪያው እርግዝና ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚወስዱት ሥሮች ይሰፋሉ። ከወሊድ በኋላም ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው አይመለሱም። በኩሩ መንገድ ይጠርጋል፣ ታናሹ ዘና ብሎ ይመጣል።

እናትሽ «አንቺም ስትወለጂ ሚጢጢ ነበርሽ» ማለታቸውም ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። ቀለል ብላ የተወለደች ሴት፣ የምትወልደው ልጅም ቀለል የማለት ዕድሉ ከፍ ይላል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የኔዘርላንድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገሪቱን ይዘው የነበሩት ጀርመኖች ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ምግብ እንዳይገባ ዘጉ። በብርዱ ወራት የቀን ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። ያኔ ገና የጥቂት ሳምንት ፅንስ የነበሩ ሴቶች አድገው ሲወልዱ፣ የተለመደው ነገር ጠፋ፤ ሁለተኛው ልጃቸው ከመጀመሪያው አልከበደም። አያት የተራበችው ርሃብ በልጅ ልጅ ሚዛን ላይ ወጣ!

ይሄ ሁሉ ግን የብዙ ሰው አማካይ ነው። የእኔ ሁለተኛ ከታላቁ በ300 ግራም አንሶ ነው የመጣው። ቸኩሎ ሦስት ሳምንት ቀደመ፣ በቃ።