የዓባይን ምንጭ መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው?

ወንድሜ፣ «የዓባይን ምንጭ መጀመሪያ ያገኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም። ብሩስ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። ከእሱ 152 ዓመት ቀድሞ፣ በ1618፣ ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ አይቶታል። ብሩስ ይህን ሊቀበል አልፈለገም።

እኔን ግን «አገኘ» የሚለው ቃል ራሱ ያናድደኛል። የሰከላ ሰው እኮ ምንጩን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል! ዛሬም ጠበል ነው፤ ሰው ከሩቅ መጥቶ ይጠመቅበታል፣ በጀሪካን ቀድቶም ለቤተሰቡ ይወስዳል። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው፣ በኋላ ሳይርሱ እንደተረከቧቸው ይተረካል። ወንዙ ከዚያ ተነስቶ፣ ግልገል ዓባይ ተብሎ፣ ጣና ይገባል።