በትንሽ አውሮፕላን ስንሄድ ሻንጣችን ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

በዓል ሲቃረብ ወደ አገር ቤት የሚገባው ይበዛል፤ የሻንጣ ጣጣም አብሮ ይበዛል። ቼክ ኢን ካውንተር ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። የትልቁን አውሮፕላን ነገር አብዛኞቻችሁ ለምዳችሁታል። ሰው ግራ የሚጋባው ከእሱ ወርዶ ፕሮፔለር ያላት ትንሿ ላይ ሲሳፈር ነው። እስቲ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እንያቸው።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 2 ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ተፈቅዶልኛል። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር እቀጥላለሁ። የአገር ውስጡን ትኬት ግን ወንድሜ ለብቻው ገዛልኝ። ሻንጣዎቼን እንዳሉ ያሳልፉልኛል?

እህቴ፣ ይህቺ ናት ብዙ ሰው የምታስከፍለው። ሁለት ትኬት ማለት ሁለት ውል ማለት ነው። የመጀመሪያው ውል ቦሌ ላይ አለቀ። ሁለተኛው ሲጀምር 46 ኪሎ እንደያዝሽ አያውቅም፤ የሚያውቀው የራሱን ልክ ብቻ ነው። የአገር ውስጥ በረራ ልክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ትርፉን በኪሎ ትከፍያለሽ። ዓለም አቀፉን ትኬት አሳይቶ የሚታለፍ ሰው አይጠፋም፤ ግን ያ የአየር መንገዱ ፈቃድ እንጂ መብትሽ አይደለም።

ጉዞው በአንድ ትኬት ቢገዛ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ከአሜሪካ ለሚነሣ ወይም አሜሪካ ለሚያበቃ የአንድ ትኬት ጉዞ፣ የአገሪቱ ደንብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ የሻንጣ ሕግ እንዲሠራ ያዛል። ስለዚህ ወንድምሽ ትኬቱን መመለስ ከቻለ ይመልሰውና አንቺ ከዓለም አቀፉ ትኬትሽ ጋር አያይዘሽ ግዢው። ካልሆነ ትርፍ ኪሎውን አስቀድሞ የሚሸጡ እንደሆነ ጠይቂ፤ ካውንተር ላይ ከመክፈል ብዙ ጊዜ ይረክሳል። አንዱን ሻንጣ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ማስቀመጥም ያባት ነው። ደግሞ በሁለቱ በረራዎች መካከል ሰፊ ሰዓት ይኑርሽ። የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥሽ ሁለተኛው አየር መንገድ ሊጠብቅሽ ግዴታ የለበትም።

ጥያቄ፦ ትኬቴ ላይ «2 ፒሲ» ይላል፤ የባለቤቴ «20 ኬ» ይላል። ምንድን ነው ልዩነቱ?

«ፒሲ» በቁጥር ነው፦ ሁለት ሻንጣ። «ኬ» በኪሎ ነው፦ በጠቅላላው 20 ኪሎ፣ በአንድም በሦስትም ሻንጣ ይሁን። ይህ ጽሑፍ በእያንዳንዱ በረራ መስመር ላይ ለብቻው ስለሚሰፍር ወደ ታች ወርደህ ሁሉንም አንብብ። ሰው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ያይና ይዘጋዋል።

ጥያቄ፦ አንዱ ሻንጣዬ 28 ኪሎ፣ ሌላው 18 ነው። ድምሩ ያው 46። ለምን አስከፈሉኝ?

በቁጥር ሲሆን ኪሎ አይቻቻልም። እያንዳንዱ ሻንጣ ለብቻው 23 ነው። በክብደት ሲሆን ግን ድምሩ ነው የሚታየው፤ ባልና ሚስት አብረው ከቀረቡም ብዙ ጊዜ ይደመርላቸዋል። በሁለቱም መንገድ አንድ ነጠላ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ለሠራተኞቹ ወገብ ሲሉ የማይቀበሉ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ አውሮፕላኗ ውስጥ ባዶ ወንበር ነበር። ሻንጣዬ ግን «በሚቀጥለው በረራ ይመጣል» ተባልኩ። ይሄ ንቀት አይደለም?

መናደድዎ ይገባኛል፣ አባባ። ግን ቀድሞ የሚያልቀው ወንበሩ ሳይሆን ክብደቱ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ፀሐይ ሲከርር ደግሞ ይብሳል። ሞተሩም ክንፉም በሳሳ አየር አቅማቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ያቺው አውሮፕላን ከጅቡቲ የምታነሣውን ያህል ከደጋ ላይ ላታነሣ ትችላለች። መንገደኛና ነዳጅ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። የሚነካው ሻንጣ ነው።

ስለዚህ መድኃኒትዎንና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅዎ ይያዙ። በቀጠሮ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ የሚሄድ ሰው ከቻለ የጧቱን በረራ ቢመርጥ ይሻለዋል። ጧት አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ሻንጣው ቢቀር እንኳ ከሰዓት የሚደርስበት ዕድል አለ።

ጥያቄ፦ የእጅ ሻንጣዬን ደረጃው ሥር ወሰዱብኝ። ልኩ ግን ትክክል ነበር።

ልኩ ለትልቁ አውሮፕላን ነው ትክክል የሆነው። የአገር ውስጥ መስመር ላይ የምትበረው ባለ ፕሮፔለሯ ዳሽ 8 ኪው 400 ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያዋ ጠባብ ነው። ጎማ ያላት ሻንጣ ግማሿ ገብታ ግማሿ ትቀራለች። ስለዚህ ደረጃው ሥር ታግ (የሻንጣ መለያ ወረቀት) አስረው ከኋላ ይጭኗታል። ከመስጠትህ በፊት ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ ወርቅ፣ ላፕቶፕና ፓወር ባንክ አውጣ። ለዚህ ብላ አንዲት ባዶ የጨርቅ ቦርሳ ሻንጣዋ ኪስ ውስጥ የምታስቀምጥ ሴት አይቻለሁ። እንደ እሷ ያለ ብልህ መንገደኛ ብዙ አልገጠመኝም።

ጥያቄ፦ ፓወር ባንኬ 30,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) ይላል። ያልፋል?

30,000ውን በ3.7 ቮልት አባዝተህ ለ1,000 አካፍለው፤ 111 ዋት ሰዓት (የባትሪው ጉልበት መለኪያ፣ Wh) ይመጣል። እስከ 100 ያለ ፈቃድ ይያዛል። ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። 20,000ው 74 ስለሆነ ችግር የለበትም። ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ ፓወር ባንክ በእጅ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይገባም።

ጥያቄ፦ እናቴ ማርና የተነጠረ ቅቤ ሰጥታኛለች። በእጄ ልያዝ?

ሁለቱም እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠሩት፤ በዓለም አቀፍ በረራ በእጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም። ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልለሽ፣ በሁለት ፌስታል አድርገሽ በሚጫነው ውስጥ አስገቢው። በርበሬና ሽሮ አያስቸግሩም። ቋንጣ ግን ወደ አሜሪካ አትውሰጂ፤ ጉምሩክ ነው የሚቀማሽ፣ አየር መንገዱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከጅዳ ነው የምመጣው። ብርድ ልብሱን ጠቅልዬ በገመድ ባስረውስ?

ተዪው፣ እህት ዓለም። በገመድ የታሰረ ክብ ጥቅል ሻንጣ የሚያመላልሰው ማሽን ላይ ስለሚጠመድ የማይቀበሉ አየር ማረፊያዎች አሉ። ጠፍጣፋ ጎን ያለው ሻንጣ ወይም ካርቶን ይሁን።

ጥያቄ፦ ከናይሮቢ ወደ ማሳይ ማራ በትንሽ አውሮፕላን ልሄድ ነው። 15 ኪሎ፣ ያውም ለስላሳ ቦርሳ አሉኝ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ከዊልሰን አየር ማረፊያ የሚነሡት የሳፋሪ በረራዎች የታወቁበት ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ የእጅ ቦርሳውም 15ቱ ውስጥ ይገባል። ሴስና ካራቫን ከሆነች ሻንጣው ከሆዷ ሥር ባለ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ነው የሚጠቀጠቀው። ድርቅ ያለ ሻንጣ እዚያ አይታጠፍም። ትልቁን ናይሮቢ ሆቴልህ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ሻንጣዬ ተሰብሮ ደረሰ። ቤት ገብቼ ነው ያየሁት። አለቀልኝ?

አላለቀም፤ ግን ፍጠን። የአየር መንገዶችን የካሳ ግዴታ የሚደነግገው ሞንትሪያል ስምምነት በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ጉዞ፣ ለተሰበረ ሻንጣ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብህ። ለዘገየ ሻንጣ፣ ከተረከብክበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን አለህ። በ21 ቀን ውስጥ ያልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። ካሳው ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወዲህ እስከ 1,519 ኤስ ዲ አር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፤ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ። ይህ ጣሪያው ነው፤ የሚከፈልህ ያስመሰከርከው ጉዳት ነው። የአገር ውስጡ በረራ የአንድ ትኬት አካል ከሆነ በዚሁ ሥር ይገባል። ለብቻው ከተገዛ ግን የአገሩ ሕግና የአየር መንገዱ ውል ነው የሚገዛው።

ቀጣዩ ሰው ደግሞ አየር ማረፊያውን ሳይለቅ ሻንጣውን አገላብጦ ይይ። ጉዳቱን እዚያው አስመዝግቦ የሪፖርቱን ቁጥር ይቀበል። ታጓንም አይቅደዳት፤ ቦሌ ስትለጠፍ ላይዋ ላይ ያሉትን የመድረሻውን አየር ማረፊያ የሚጠቁሙ ሦስት ፊደሎች ይመልከት። ባሕር ዳር «ቢ ጄ አር»፣ ጎንደር «ጂ ዲ ኪው»፣ ላሊበላ «ኤል ኤል አይ» ነው። ሌላ ነገር ካየ እዚያው ካውንተር ላይ እያለ ይናገር።