ሽፋኑ የት ላይ ይቀደድ?

ወንድሜ፣ ስለ ፊልም ስክሪፕትህ የላክልኝን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አራት ኮማንዶዎች የጠላትን ዩኒፎርም ለብሰው፣ የስልክ መስመር ጠጋኝ መስለው በጠላት ወደተያዘች ከተማ ይገባሉ። ሦስት ቀን አላቸው። የተማረከባቸውን የኮድ መኮንን ይዘው መውጣት አለባቸው። መግቢያው ጥሩ ሆኖልሃል። የመጨረሻው ተኩስም ተጽፎ አልቋል። መሃሉ ግን ሞተብህ። ጥያቄህም "ማንነታቸው የት ላይ ይነቃ? መሃል ላይ ወይስ ወደ መጨረሻው?" የሚል ነው።

እኔ በዚህ ዓይነት ታሪክ ላይ ሦስት ስክሪፕት ጽፌአለሁ። አንዱ አጭር ፊልም ሆኖ ተቀርጿል። ሁለቱ እስካሁን አልተሠሩም። ከሦስቱም ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፦ ሽፋኑ፣ ማለትም የለበሱት የውሸት ማንነት፣ አንድ ቦታ ላይ አይቀደድም። ከመጀመሪያው ኬላ ጀምሮ እያለቀ ይሄዳል።

ሽፋኑን እንደ ስንቅ አስበው። ወታደሮቹ ይዘውት ይገባሉ። በተጠቀሙበት ቁጥር ይጎድላል። ጠላት ወረዳ ውስጥ ደግሞ የሚሞላላቸው የለም። ተመልካቹ ስንቁ ሲጎድል ካየ መሃሉ አይሞትም፤ "ይበቃቸው ይሆን?" እያለ ይከተልሃል።

የመጀመሪያው ስክሪፕቴ ይህን ሳላውቅ የጻፍኩት ነው። ዕቅዱን ለማስረዳት ብቻ 25 ገጽ ፈጀሁ። ካርታ፣ ሰዓት፣ የይለፍ ቃል፣ ማን በየት እንደሚገባ። ከዚያ ወታደሮቹ ሄደው ያንኑ ፈጸሙት። ያነበበልኝ ባለሙያ "ይህን ፊልም ሁለት ጊዜ አሳየኸኝ" አለኝ። ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አጥብቄ ይዣለሁ። ዕቅዱን ለተመልካቹ በሙሉ ከነገርከው መበላሸት አለበት። የሚሳካ ከሆነ ደግሞ ቀድመህ አትንገረው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ብዙዎቻችን ሴራውን፣ ማለትም የታሪኩን የክስተት ሰንሰለት፣ የምንሠራው ከተልዕኮው ዕቅድ ነው። መግባት፣ ማጥናት፣ መድረስ፣ መውሰድ፣ መውጣት። ይህ የአዛዥ የሥራ ዝርዝር ነው እንጂ ሴራ አይደለም። ሴራ እንዲሆን አንዱ ነገር ሌላውን መጉዳት አለበት። በህቡዕ ተልዕኮ ታሪክ ውስጥ የሚጎዳዱት ሁለቱ ነገሮች ሳትፈልጋቸው እዚያው አሉ፦ ተልዕኮውና ሽፋኑ። ወደ ዒላማው አንድ እርምጃ ለመጠጋት ከሽፋኑ ትንሽ መቅደድ ግድ ይላል። የተቀደደውን ለመጣፍ ደግሞ ከዒላማው መራቅ ግድ ይሆናል።

በአንተ ታሪክ እንየው። ስልክ ጠጋኝ ነን ካሉ ስልክ ሊጠግኑ ነው። እስር ቤቱ አጠገብ ሲደርሱ አንድ ሻምበል "ኑ፣ የእኔን መስመር አስተካክሉልኝ" ቢላቸው እምቢ ማለት አይችሉም። ሁለት ሰዓታቸው ሄደ። አሳምረው ከጠገኑት የጠላት ጦር በደንብ እንዲነጋገር ረዱት። አበላሽተው ከሄዱ ሻምበሉ ነገ ስማቸውን ያነሳል። የትኛውን ይመርጣሉ? ከአራቱስ ማን ይወስናል? አሁን ባለህ ስክሪፕት ውስጥ የስልኩ ሥራ ኬላ ለማለፍ ብቻ ነው ያገለገለው። ከዚያ ተረሳ። መሃልህ የተኛው እዚያ ነው።

እኔ ይህን የምፈትሽበት መንገድ ቀላል ነው። ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አሰምራለሁ። በአንዱ "ተልዕኮው ምን አገኘ?" በሌላው "ሽፋኑ ምን ከፈለ?" እያልኩ ትዕይንቶቹን አንድ በአንድ እሞላለሁ። በሁለተኛው ስክሪፕቴ ከ61 ትዕይንት 19ኙ በሁለቱም በኩል ባዶ ወጡ። አንዳንዶቹ በጣም የምወዳቸው ምልልሶች ነበሩ። አወጣኋቸው። ታሪኩ ወዲያው መተንፈስ ጀመረ።

ተመልካቹ ግን ለሽፋኑ የሚሰጋው መነቃት ምን እንደሚያስከፍል ካወቀ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907ቱ የሄግ ደንብ (ዓለም አቀፍ የጦርነት ሕግ ነው) መሠረት የራሱን ዩኒፎርም ለብሶ፣ ሳይደበቅ መረጃ ሲሰበስብ የተያዘ ወታደር ሰላይ አይባልም። ምርኮኛ ነው። ማንነቱን ደብቆ የገባ ግን እንደ ሰላይ ሊዳኝ ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1944 በአርዴን ውጊያ ጊዜ ጀርመን የአሜሪካ ወታደር ልብስ አልብሳ ያሰረገቻቸው ሰዎች ነበሩ። ከተያዙት መካከል በጦር ፍርድ ቤት ተዳኝተው የተረሸኑ አሉ። አንተ ይህን በንግግር አታስረዳ። አራቱ የራሳቸውን ዩኒፎርም አጥፈው ጆንያ ውስጥ ሲከቱ አሳየን። አንዱ ልብሱን ለመልቀቅ ትንሽ ይቆይ። በቂ ነው።

ከዚያው ከአርዴን ውጊያ ለኬላ ትዕይንት የሚሆን ትልቅ ትምህርት አለ። አሜሪካኖቹ ሰርጎ ገብ መኖሩን ሲሰሙ እርስ በርስ መጠራጠር ጀመሩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ማለት ነው። ኬላ ላይ ስለ ቤዝቦልና ስለ ክፍለ ግዛቶች ዋና ከተማ መጠያየቅ ሆነ። የራሳቸውን ጄኔራል ኦማር ብራድሊን ሳይቀር አስቁመው የኢሊኖይ ዋና ከተማ ማን እንደሆነች ጠየቁት። ስፕሪንግፊልድ አለ። ልክ ነበር። ጠያቂው ወታደር ግን ቺካጎ ናት ብሎ ተከራከረው። አስበው፤ ትክክለኛው መልስ ነው ጣጣ ያመጣው። እኛ የኬላ ትዕይንት ስንጽፍ ጀግናው ሲሳሳት ብቻ ነው የምናስበው። የጠባቂው ስህተት ግን የበለጠ ያስጨንቃል፤ ምክንያቱም የትኛውም ዝግጅት አያድንም።

በተቀረጸው አጭር ፊልሜ ላይ ያየሁትም ይህን ይመስላል። ሰው የሚጨነቀው ተኩሱ ላይ ነው ብዬ ነበር። ፊልሙ ሲታይ አዳራሹ ጸጥ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጠባቂው ፎርጅድ መታወቂያውን አይቶ ይመልሳል። ሰውዬው ይራመዳል። ከኋላው "አንዴ ቆይ" ይባላል። የፈለገው ክብሪት ነው። ሰውዬው ክብሪቱን ሲያወጣ ግን እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ጠባቂውም እጁን አየ። ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ባሉት ትዕይንቶች ሁሉ ያ እይታ አብሮን ነበር። ልብ ሰቀላ የሚባለው ይህ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን በጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ ቦምብ ምሳሌ ያስረዳ ነበር። ቦምቡ ድንገት ከፈነዳ 15 ሴኮንድ ድንጋጤ ታገኛለህ። ተመልካቹ አስቀድሞ ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ይጨነቅልሃል። ስለዚህ ሽፋኑ የተሸረፈበትን ቦታ ከአራቱ ኮማንዶዎች በፊት እኛ እንወቀው።

ጡዘቱን፣ ማለትም ታሪኩ ጫፍ የሚደርስበትን ቦታ፣ በተመለከተ ደግሞ ዒላማው ሲመታ ታሪኩ የሚያልቅ አይምሰልህ። እ.ኤ.አ. በ1942 ፕራግ ውስጥ በናዚው ሹም በራይንሃርድ ሃይድሪክ ላይ የተደረገውን ተመልከት። ዮዘፍ ጋብቺክና ያን ኩቢሽ የተባሉ የቼኮዝሎቫኪያ ወታደሮች ከእንግሊዝ ተነስተው በ1941 ዲሴምበር መጨረሻ በፓራሹት ወረዱ። ጥቃቱን ያደረሱት ሜይ 27 ነው። አምስት ወር ገደማ ሲቪል መስለው በቤተሰቦች መካከል ተደብቀው ኖረዋል ማለት ነው። በዕለቱ የጋብቺክ ጠመንጃ አልተኩስ አለ። ኩቢሽ ቦምብ ወረወረ። ሃይድሪክ በጁን 4 ሞተ። ዋናው ሥራ ተፈጸመ። ታሪኩ ግን ከዚያ በኋላ ነው የከበደው። ጁን 10 ሊዲትሴ የምትባል መንደር ተደመሰሰች። ካሬል ቹርዳ የተባለ፣ በሌላ ቡድን የተላከ ፓራሹተኛ ራሱ ሄዶ ለናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ለጌስታፖ ተናገረ። ጁን 18 ሰባቱ ፓራሹተኞች የተደበቁበት ቤተ ክርስቲያን ተከቦ ሁሉም እዚያው አለቁ። ያስጠጓቸው ቤተሰቦችም ተገደሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር ውሰድ። አንደኛ፣ ሽፋናቸው ወረቀት ብቻ አልነበረም። በር የከፈቱላቸው ሰዎች ነበሩ። ሽፋን ሲቀደድ ዋጋውን መጀመሪያ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። በአንተ ስክሪፕት አራቱን የሚያሳድር ሰው የለም። አስገባ። ሁለተኛ፣ የተነቁት ጠላት ብልህ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከራሳቸው ወገን ያለ ሰው ስንቁ አለቀበት።

አራት ሰው ስላለህ ዕድለኛ ነህ። አራቱ እኩል ሽፋን አይኑራቸው። አንዱ ቋንቋውን እንደ አፍ መፍቻው ይናገር። አንዱ የስልክ ሥራ በእርግጥ ይቻል። አንዱ ሁለቱንም አይችልም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው ያለው። ዝምታውም በሦስተኛው ቀን ማስጠርጠር ይጀምር። አራተኛው ደግሞ እዚህ ከተማ ድሮ የሚያውቀው ሰው ይኑረው።

በጣም የምለምንህ ግን ቋንቋ ስለሚችለው ሰው ነው። ሁሉም ጸሐፊ ደካማውን ሰው አደጋ ላይ ይጥላል። ትልቁ አደጋ ያለው ጎበዙ ላይ ነው። ሽፋኑ ስለተዋጣለት ይወደዳል። የጠላት ወታደሮች ያጫውቱታል፣ የልጆቻቸውን ፎቶ ያሳዩታል። አንዱ ወታደር ደብዳቤ አንብብልኝ ይለዋል፤ ራሱ ማንበብ አይችልም። ደብዳቤው ከእናቱ ነው። ያነብለታል። በሦስተኛው ሌሊት በር ላይ ዘብ የሚቆመው ያው ልጅ ነው። እዚህ ሽፋኑ ሰውዬውን ራሱን መብላት ጀምሯል። ይህን ክር ከመጀመሪያው ቀን ካሰርከው መሃሉን የሚሸከምልህ እሱ ነው።

መቀደዱ ራሱ እንግዲህ በሁለት ደረጃ ይሁን። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ፊልሙ እኩሌታ ገደማ፣ አንድ ሰው ይንቃባቸው። ግን አቅም የሌለው ሰው ይሁን፤ ለምሳሌ እስር ቤቱን የምታጸዳ ሴት። አትጮህም። አንድ ነገር ትጠይቃቸዋለች። "እኔም እስረኛ አለኝ" ትላለች። ተልዕኮው አንድ ሰው ለማውጣት ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነ። እምቢ ካሉ ትናገራለች። እሺ ካሉ ሰዓቱ አይበቃም። በአደባባይ የሚነቁት ግን በሦስተኛው ቀን፣ ከመውጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ይሁን። የሚነቁበትም ምክንያት ከዚህ በፊት ያየነው ነገር ይሁን፤ የሻምበሉ ስልክ፣ የተንቀጠቀጠ እጅ፣ የተነበበ ደብዳቤ። አዲስ ነገር ከሰማይ አታውርድ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የኮድ መኮንንህ አራቱን ሲያይ ወዲያው ተነስቶ ይከተላቸዋል። ለምን? የጠላት ልብስ ለብሰዋል፣ የጠላትን ቋንቋ ይናገራሉ፣ እሱ ደግሞ ለቀናት ሲመረመር የቆየ ሰው ነው። መርማሪዎቹ ወዳጅ መስለው መጥተውበት ሊሆን ይችላል። እስከዚህ ያደረሳቸው ጥሩ ሽፋን እዚህ ክፍል ውስጥ ጠላታቸው ይሆናል። አራት ደቂቃ ነው ያላቸው፣ እሱ ደግሞ አያምናቸውም። ያ ትዕይንት እስካሁን አልተጻፈም። እኔ ብሆን ዛሬ ማታ እሱን እጽፍና ከእሱ ወደኋላ እሄድ ነበር።