ርቀቱን ለ900 ብታካፍል የበረራውን ሰዓት አታገኝም

ወንድሜ፣ ከለንደን ሂትሮው ኒውዮርክ ጄኤፍኬ 5,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ከበረረ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ታዲያ ትኬቱ ለምን 8 ሰዓት ይላል፣ መመለሻውስ ለምን ያጥራል ብለህ ጠይቀሃል። ሒሳብህ ልክ ነው። ትኬቱ የሚቆጥረው ግን ሌላ ነው።

ለሥራ ብዙ ስለምበር ይሄን ነገር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት አየር ላይ የምትቆይበት ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀባት ደቂቃ ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ያለው ሁሉ ይገባበታል። ጄኤፍኬ ላይ ለመነሳት ተራ መጠበቅ አለ፤ ሂትሮው ላይ ደግሞ የማረፊያ ተራ እስኪደርስ ሰማይ ላይ መዞር የተለመደ ነው። ሽቅብ ሲወጣና ለማረፍ ሲወርድም 900 አይበርም።

ትልቁ ጉዳይ ንፋሱ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ንፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፣ አውሮፕላኖቹም የሚበሩት እዚያው ከፍታ ላይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን ንፋስ ከፊት ቢመጣበት 900 የነበረው ፍጥነት 800 ይሆናል፤ ከኋላ ቢገፋው ደግሞ 1,000። በአንተ መስመር ይሄ ብቻውን በመሄጃና በመመለሻ መሃል ከ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ልዩነት ያመጣል። ብሶ ሲመጣማ ሌላ ነው! በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2020፣ ሲያራ የተባለው ማዕበል በነበረ ጊዜ፣ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ተነስቶ በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ለንደን ገብቷል።

ለዚህ ነው አብራሪዎች ሁልጊዜ በአጭሩ መስመር የማይሄዱት። ያ 5,550 ሉሉን ተከትሎ የሚለካው አጭሩ መንገድ ነው፤ ዝርግ ካርታ ላይ ወደ ሰሜን የጎበጠ ሆኖ የሚታየው። ንፋሱ ከከፋ ግን ዞር ብሎ መሄድ በኪሎ ሜትር ቢረዝምም በሰዓት ያጥራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፤ መነሻውም መድረሻውም የተጻፈው በየከተማው ሰዓት ነው። ለንደን አብዛኛውን ጊዜ በ5 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ሁለቱን ዝም ብለህ ብትቀንስ 8 ሰዓት የሚፈጀው መሄጃ 3 ሰዓት፣ 7 ሰዓት የሚፈጀው መመለሻ ደግሞ 12 ሰዓት ይመስልሃል።

እኔ ኪሎ ሜትሩን ማስላት ትቻለሁ። የበረራውን ቁጥር ፍላይትራዳር24 የሚባለው በረራዎችን የሚከታተል ድረ ገጽ ላይ አስገባና ባለፉት ቀናት በትክክል ስንት ሰዓት እንደፈጀ እይ፣ ከየትኛውም ስሌት ይሻልሃል። በተለይ ንፋሱ በሚበረታበት ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ወደ ምዕራብ የምትሄድ ከሆነና እዚያ ደርሰህ ሌላ በረራ የምትይዝ ከሆነ፣ በመሃል ሰፋ ያለ ጊዜ ያለውን ትኬት ቁረጥ።