ሦስተኛው ስኒ ለምን ያርራል?

ጥያቄ፦ ያገለገለ የኤስፕሬሶ ማሽን ገዛሁ። ሞላ የለውም፤ እጀታውን በክንድ ጉልበት የሚጫኑት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ስኒ ግሩም ነው። ሁለተኛው ደህና ነው። ሦስተኛው ግን እሬት! እንግዳ ፊት አፈርኩ። አድቅቄ ፈጨሁ፣ አሻክሬ ፈጨሁ፣ ቡናውንም ቀየርኩ። ያው ነው። ግፊቱ ይሆን እንዴ?
(ሦስተኛው ስኒ ያስቸገረኝ)

መልስ፦ ግፊቱን ይተዉት፤ ያስቸገረዎት ሙቀቱ ነው።

እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ከወፍጮው ጋር ስታገል ከረምኩ። መላው የመጣልኝ በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ሁለት ስኒ እንዳወጣሁ ስልክ ተደወለ። ማሽኑን አጥፍቼ ሄድኩ፤ ወሬው ረዘመ። ተመልሼ አብርቼ ሦስተኛውን ስጫን እንደ መጀመሪያው ጣፈጠ። ቡናው ያው፣ አፈጫጨቱ ያው። ብረቱ ቀዝቅዞ ነበር፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግፊት መለኪያው 0.8 ባር ሲያሳይ ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃው የሚፈላበት ጋን፣ ውስጥ ያለው ውሃ 117 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ቡናው የሚፈልገው ደግሞ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። ትርፉን ሙቀት ማን ይውሰደው? ከፊት ያለው፣ ፒስተኑ (እጀታው የሚገፋው፣ ውሃውን ቡናው ላይ የሚጫነው ብረት) ውስጡ የሚወጣና የሚወርድበት ወፍራም ብረት ነው የሚወስደው። ግሩፕ ይሉታል። በመጀመሪያው ስኒ ጊዜ ግሩፑ ገና አልጋለም፤ ከውሃው ሙቀት ይቀማል። በሁለተኛው ይግላል። በሦስተኛው ጠግቧል። ያኔ ውሃው እንደጋለ ቡናው ላይ ይወርድና ያሳርረዋል።

ስለዚህ ከሁለት ስኒ በኋላ ግሩፑን ያብርዱት። ፖርታፊልተሩን፣ ያ ቡናው የሚጠቀጠቅበትን ባለ መያዣ ዕቃ፣ ባዶውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ከዚያ ግሩፑ ላይ ገጥመው ግማሽ ደቂቃ ያቆዩት። ብረቱ ሙቀቱን ያካፍለዋል። እርጥብ ጨርቅ የሚጠቀልሉበትም አሉ፤ ይሠራል፣ ግን እንፋሎቱ ጣት ይለበልባል። እኔ ግሩፑ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ቴርሞሜትር አለችኝ። የኔ ማሽን ከ85 እስከ 90 ስታሳይ ነው ቡናው የሚጥመኝ። የእርስዎን ምላስዎ ይነግርዎታል።

አንድ ነገር ደግሞ ከመነሻው ያስተካክሉ። ማሽኑ ሲበራ ቦይለሩ ውስጥ አየር ታፍኖ ይቀራል። አየሩ ሲሞቅ መለኪያውን ይገፋዋል፤ ውሃው ግን ገና ነው። የውሸት ግፊት እንለዋለን። መርፌው ሲነሳ የእንፋሎቱን ቧንቧ ትንሽ ይክፈቱት። መጀመሪያ አየሩ ፍስስ እያለ ይወጣል፣ ውሃም ይተፋል። ጠንካራ እንፋሎት መምጣት ሲጀምር ይዝጉት። መርፌው ወርዶ እንደገና ይነሳል። የሚታመነው ይኼ ሁለተኛው ነው።

አጫጫኑ ላይ ብዙ አልልም። 14 ግራም ቡና፣ ድቅቅ ያለ፣ በልኩ የተጠቀጠቀ። እጀታውን ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሱ፤ ውሃው ቡናውን ያርሰው። ስምንት ሰከንድ ያህል፣ ወይም የመጀመሪያዋ ጠብታ እስክትታይ። ከዚያ ሳያቋርጡ ይጫኑ። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 28 ግራም ገደማ ስኒው ውስጥ ከገባ ጥሩ ነው። እጀታው እንደ ቅቤ ከወረደ ቡናው ሻክሯል። መላ ሰውነትዎን ካንጠለጠሉበትና አልወርድም ካለ በጣም ደቋል፤ እዚያ ላይ አይታገሉት። እጀታውን ወደ ላይም አይመልሱት፤ ባለበት ይተዉት፣ ግፊቱ ቀስ ብሎ ይተንፍስ።

ይህን የምለው ወድጄ አይደለም። አንድ ጠዋት፣ እንደዚሁ አልወርድም ብሎኝ፣ ተናድጄ ፖርታፊልተሩን ፈታሁት። ገና ሲላቀቅ ፈነዳ! ዱቄቱ ጣሪያው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ መነጽሬ ላይ። መነጽር ባላደርግ ኖሮ እንጃ። የጣሪያው እድፍ ዛሬም አለ፤ ቀለም ቀብቼበት ሁሉ ብቅ ይላል። የቦይለሩ ክዳንም እንዲሁ ነው። መለኪያው ዜሮ ሳይል፣ የእንፋሎቱ ቧንቧ ተከፍቶ ዝም ሳይል፣ ክዳኑን አይንኩት። ውሃው የቦይለሩን ውሃ ልክ ከሚያሳየው መስታወት ላይ ከመጥፋቱ በፊትም ማሽኑን ያጥፉት፤ ማሞቂያው ያለ ውሃ ከጋለ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔም ማሽን ባለ እጀታ ነው። እጀታው ወደ ታች ሆኖ እንኳ ከግሩፑ ሥር ጠብ ጠብ ይላል። ስጫነውም ውሃ በፒስተኑ ዘንግ ዙሪያ ወደ ላይ ይወጣል። መጣሉ ነው?
(የሚያንጠባጥብባት)

መልስ፦ ኧረ አትጣይው! ጎማዎቹ ደርቀው ነው። ፒስተኑ ላይ ሁለት የጎማ ቀለበቶች አሉ፤ ዘንጉ በሚያልፍበት ደግሞ ሌላ አለ። በየቀኑ የሚሠራ ማሽን ላይ እኔ በዓመት አንዴ እቀይራቸዋለሁ።

ከመግዛትሽ በፊት የማሽንሽን መጠን እወቂ። ለምሳሌ ላ ፓቮኒ ኤውሮፒኮላ የተባለው ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ አለ፤ መልኩም ብዙ አልተለወጠም። ግን የድሮዎቹ ግሩፕ 49 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከ2000 ወዲህ ያሉት 51 ናቸው። የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም። እኔ በዓይኔ ገምቼ አዝዤ፣ ሳልጠቀምበት የቀረ አንድ ሙሉ ጥቅል መሳቢያ ውስጥ አለኝ።

ማሽኑ በደንብ ሲቀዘቅዝ ፒስተኑን አውጪው። የድሮውን ጎማ ከማላቀቅሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ከንፈሩ ወዴት እንደሚመለከት ልብ በይ። ተገልብጦ ከገባ አዲሱም ያፈሳል። ጎማውን በሹል ብረት አትፈልቅቂው፤ ፒስተኑን ትጭሪዋለሽ። የእንጨት ስንጥር ይበቃል። አዲሱን ለምግብ ዕቃ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ቀቢው፤ ስስ አድርገሽ። የምግብ ዘይት እንዳትሞክሪ፤ ይበላሽና ይሸታል፣ ይጣበቃል።

እግረ መንገድሽን ቦይለሩንም እዪው። ነጭ ቅርፊት ከያዘ በአንድ ሊትር ውሃ 20 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጠሽ ጨምሪ። አሙቀሽ አጥፊው፤ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ከዚያ ሦስት ጊዜ በንጹህ ውሃ እጠቢው። ሌሊቱን አታሳድሪው። በመጨረሻው እጥበት ላይ ውሃውን ቅመሺው፤ የሎሚ ጣዕም ካለው አንድ ጊዜ ድገሚ።