ስለ አሰብ ታሪክ ለጠየቅሽው እህት

«አያቴ አሰብ ሠርተዋል፣ የከተማዋን ታሪክ ልጽፍ ነው፤ ደሴ ቁጭ ብዬ ከየት ልጀምር?» ላልሽው እህቴ፣ አብሽሪ። እኔ የኮምቦልቻ ሹፌር ልጅ ነኝ፤ በዚሁ ጉዳይ ሁለት ዓመት ተንከራትቻለሁ። አያትሽም ምናልባት ሹፌር ነበሩ ይሆናል።

1. ከቢሮ እንዳትጀምሪ። አንድ መዝገብ ቤት «ነገ ና» እያሉ ወር ሙሉ አመላልሰውኝ፣ በመጨረሻ ሴትዮዋ ቀና እንኳ ሳትል «አሰብ የኛ ወረዳ ናት እንዴ?» አለችኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

2. ዓመተ ምሕረቱን ለዪ። ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ መሬቱን ከአፋር ሱልጣኖች የገዛው በ1869፣ የጣሊያን መንግሥት የተረከበው በ1882፣ የአሰብ–ደሴ መንገድ ውል የተፈረመው በ1928 ነው፤ ሁሉም በፈረንጅ። ሹፌሮቹ «በ90 ጦርነቱ መጣና ወደቡ ቀረብን» ሲሉሽ ግን በኛ ነው። እኔ 1928ን በኛ ቆጥሬ ውሉን ከማይጨው ጦርነት ጋር አንድ ዓመት ላይ አስቀመጥኩት! መንገዱ የተሠራው ጣሊያን ከገባ በኋላ መሆኑን ያረመኝ የተማረ ሰው እንዳይመስልሽ፣ ጡረታ የወጣ ረዳት ነው። ደግሞ ቡሬ ሲሉሽ የጎጃሙ አይደለም፤ ከባቲና ከሚሌ አልፎ ወደ አሰብ መውረጃው ላይ ያለው ነው።

3. ፎቶ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። አባቴ ሶቪየቶች የሠሩት የነዳጅ ማጣሪያ በር ላይ፣ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪናውን ተደግፎ፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ የተነሳው አንድ ፎቶ ነበረን። «ለዐውደ ርዕይ ነው፣ በሳምንት እንመልሳለን» ያሉኝን ሰዎች አምኜ ዋናውን ሰጠሁ። ስልካቸው አይነሳም፣ ቢሯቸውም ሌላ ሰው ገብቶበታል። ኮፒ አስቀርቻለሁ፤ ግን የፊቱን ብቻ! ጀርባው ላይ አባቴ የጉዞውን ሒሳብ በእርሳስ ጽፎት ነበር፤ የት ውሃ እንደሞላ፣ የት ጎማ እንደቀየረ፣ የት እንዳደረ። ያንን ማን ይነግረኛል? እናቴ እስከ ዛሬ «ፎቶው መጣ?» ትለኛለች።

ስለዚህ ዋናውን ለማንም እንዳትሰጪ፤ ጀርባውንም አንሺ። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ጀርባው ላይ «ቡሬ አደርን» የሚል የእርሳስ ጽሑፍ ያለበት ፎቶ ያየ ካለ፣ በአላህ፣ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።