ስለ ዴልቲክ ሎኮሞቲቮች፦ ጥያቄና መልስ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በብሪታንያ «ዴልቲክ» የተባሉት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች (ባቡር የሚጎትቱ ተሽከርካሪዎች) ሦስት ዓይነት ናቸው («ክፍል» ከቁጥር ጋር ሲጻፍ የሎኮሞቲቭ ዓይነት መለያ ነው)፦ በ1955 ለሙከራ የተሠራው አንድ ብቻ፣ በ1959 የተሠሩት 10 ትንንሾቹ (ክፍል 23) እና በ1961 እና 1962 የተሠሩት 22 ትልልቆቹ (ክፍል 55)። ስትጠይቁ የትኛውን እንደሆነ ግለጹ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ የዴልቲክ ሞተር አሠራር ከሌሎች የሚለየው በምንድን ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የናፒየር ኩባንያ ሞተሩን የሠራው ለብሪታንያ ባሕር ኃይል ፈጣን ጀልባዎች ሲሆን፣ ስሙም የተወሰደው ዴልታ ከተባለው ባለ ሦስት ማዕዘን የግሪክ ፊደል ነው። ሲሊንደሮቹ የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ጎኖች ሆነው ይደረደራሉ፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ አንድ ክራንክሻፍት (የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ ዙር የሚለውጥ ዘንግ) አለ። በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ስለሚሠሩ የትልቁ ሞተር 18 ሲሊንደሮች 36 ፒስተኖች አሏቸው፤ ቴስታም (የሲሊንደር ክዳን) ሆነ ቫልቭ አያስፈልጋቸውም። ችግሩ የነበረው በጊዜ አጠባበቁ ላይ ነው። የጭስ መውጫውን የሚከፍተው ፒስተን አየር ማስገቢያውን ከሚከፍተው ጥቂት መቅደም አለበት፤ ሦስቱ ክራንክሻፍቶች በአንድ አቅጣጫ እየዞሩ ግን ይህን ቅድሚያ በሦስቱም ጎኖች እኩል መጠበቅ አልተቻለም። በባሕር ኃይሉ ይሠራ የነበረው ኸርበርት ፔንዋርደን አንደኛው በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲዞር ሐሳብ አቀረበና ነገሩ ተፈታ። እንዲህ ያለ ቀላል መፍትሔ ባየሁ ቁጥር እገረማለሁ።

ጥያቄ፦ የሙከራው ሎኮሞቲቭ ቀለም ምን ነበር?

መልስ፦ ሰማያዊ ከክሬም መስመሮች ጋር። ስለ ቀለም ሌላ ሰው ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ ዴልቲክ ለምን ሳይሳካ ቀረ?

መልስ፦ የትኛው? ማሳሰቢያውን ከላይ ጽፌዋለሁ። ክፍል 55 በ22 ሎኮሞቲቮች ብቻ 55 የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን ተክቶ፣ ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ወደ ኤዲንብራ ፈጣን ባቡሮችን እስከ 1982 መጀመሪያ ድረስ ጎትቷል። ያልተሳካው ክፍል 23 ነው። ባለ 9 ሲሊንደር፣ 1,100 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበረው፤ በእኔ አስተያየት ረጅም መንገድ በሙሉ ኃይል እንዲሮጥ የተፈጠረን ሞተር በየጣቢያው በሚቆም የከተማ ዳርቻ ባቡር ላይ ማሰር ስሕተት ነበር።

አንድ አባል፦ ይፈቀድልኝና፣ ክፍል 40 የተባለው ሌላው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ እየተሠራ ይህ ሁሉ ውስብስብነት ለምን አስፈለገ? ከእነዚያ 200 ተሠርተዋል።

ሌላ አባል፦ ክፍል 40 እኮ 133 ቶን እየከበደ ጉልበቱ 2,000 ብቻ ነው! የሙከራው ዴልቲክ በ106 ቶን 3,300 ይሰጥ ነበር።

የመጀመሪያው አባል፦ የጥገናውን ወጪስ ማን ይቁጠረው?

መልስ፦ ሁለታችሁም የሞተር ጉልበትን ብቻ እየቆጠራችሁ ነው፤ ወደ ጎማ የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ነው። ክርክሩ እዚህ ይቁም።

ጥያቄ፦ ዴልቲክ ዛሬ ይገኛል?

መልስ፦ አሁንም «ዴልቲክ» ብቻ! የሙከራው በብሪታንያ ብሔራዊ የባቡር ቅርስ ስብስብ ውስጥ ተጠብቋል፤ ከ22ቱ 6 ተርፈዋል፤ ከ10ሩ ትንንሾች አንድም አልቀረም።

ጥያቄ፦ ክፍል 55 ሲነሣ ያን ያህል የሚያጨሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ይህ በትክክል የተጠየቀ ጥያቄ ነው። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት (ፒስተኑ በሁለት ምት ብቻ አንድ ዑደት የሚጨርስ) በመሆኑ፣ ቆሞ በዝግታ ሲዞር ያልተቃጠለ ዘይት በጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል። ሾፌሩ ኃይል ሲጨምር ሙቀቱ ያን ዘይት ያተነዋል፤ ሰማያዊው ደመና የሚታየውም ያን ጊዜ ነው።